ሦስተኛው ዲያቆን

እናቴ «ይቺ ልጅ አርፋ የተቀመጠችው ሆዴ ውስጥ ብቻ ነው፤ እሱንም ቀኑ ሳይደርስ ወጥታለች» ትላለች። እውነቷን ነው። መንገድ ሲዘጋጋ ታክሲ ውስጥ መቀመጥ አልችልም። ከለቡ ወደ ሀና ማርያም ስመጣ ስንቴ ከሚኒባስ ወርጄ በእግሬ እንደተጓዝኩ አላውቅም፤ አብዛኛውን ጊዜ የወረድኩበት ታክሲ ራሱ ጥሎኝ ያልፋል፣ ረዳቱም በመስኮት አይቶኝ ይስቃል።

ስለዚህ ሰንበት ትምህርት ቤታችን ዩኒቨርሲቲ የምንማረውን ሰብስቦ «ወደ ገጠር ለአገልግሎት የሚሄድ?» ሲል ቀድሜ እጄን ያወጣሁት እኔ ነበርኩ። መንፈሳዊ ቅንዓት ነበር ብል ደስ ባለኝ። ግማሹ ግን ከቤት መውጣት ነው። ከፈተና በፊት ለጥናት የተሰጠን ጊዜ ነበር፤ ለማጥናት ደግሞ መቀመጥ ያስፈልጋል።

ልብስና ሳሙና ሰበሰብን። ደብተር ገዛን። ከዚያ አስተባባሪያችን «የሚረዳ ቤተ ክርስቲያን ምን እንደሚጎድለው እኔ አውቃለሁ» ብሎ ዘቢብ፣ ጧፍ፣ የመቅደስ መጋረጃና አዳዲስ የዲያቆን ልብሰ ተክህኖ አስጨመረ። እሱ ሲቪል ምህንድስና የሚማር ዲያቆን ነው። ከመሀላችን ክህነት የነበረው እሱ ብቻ ሲሆን ሌሎቻችን መዘምራን ነበርን፤ ማለትም ብዙ ድምፅና ብዙ ሻንጣ።

ቅጥቅጥ አውቶብሱ የመጨረሻዋ ትንሽ ከተማ ላይ አራገፈን። ከዚያ ወዲያ በእግር ነው። ዳገት ወጣን፣ ቁልቁለት ወረድን፣ ከጉልበት በታች የሚደርስ ወንዝ ተሻገርን። ጓደኞቼ በየዛፉ ጥላ ሥር ሲያርፉ እኔ ወዲያ ወዲህ እያልኩ አስጨነቅኳቸው። ስንደርስ የሰፈሩ ሰው በእልልታ ተቀበለን፤ ቤተ ክርስቲያኑ ግን ተዘግቶ ነበር። በሩ ፊት ያለው መረገጫ ላይ ሣር በቅሏል። ቄሱም ዝም መጽሐፉም ዝም የሚባለውን ያየሁት ያን ዕለት ነው።

የደብሩ አስተዳዳሪ ሽማግሌ ቄስ ናቸው። ሻንጣውን ከፍተን ያመጣነውን አንድ በአንድ አሳየናቸው። ልብሰ ተክህኖውን አንስተው በጣታቸው ዳሰሱት፣ ጠርዙን አዩት፣ መረቁን። ከዚያ አጣጥፈው እየመለሱ፦

«ልብሱስ መጣ ልጆቼ። ለባሹን ከየት እናምጣ?» አሉ።

ቅዳሴ ቢያንስ ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን እንደሚፈልግ ሁላችንም እናውቃለን፤ ከልጅነታችን ጀምሮ ተምረነዋል። ግን ሀና ማርያም እሑድ እሑድ ዲያቆናቱ ተራ ስለሚጠባበቁ የአንድ ዲያቆን መጉደል ቤተ ክርስቲያን ሊያዘጋ ይችላል ብሎ ያሰበ አልነበረም። በዚያ አጥቢያ ሁለት ቄሶችና ሁለት ዲያቆናት ቀርተዋል። ሦስተኛው ከመስቀል በኋላ ሥራ ፍለጋ አዲስ አበባ ገባ። ከዚያ ወዲህ አልተቀደሰም። እኛ ደግሞ ከሰው በስተቀር ሁሉን ነገር ጭነን መጥተናል።

አስተባባሪያችን ቀላ። ከዚያ «እሑድ እኔ እቆማለሁ» አለ።

እሑድ ተቀደሰ። ሕዝቡ ከየሸንተረሩ መጥቶ ግቢውን ሞላው፤ የመግቢያው መሬት ላይ ተደፍተው ሲያለቅሱ ያየኋቸው ሽማግሌዎች ነበሩ። እኔም አለቀስኩ፤ እንዲያውም ለአንድ ሙሉ ቅዳሴ ቦታዬን ሳልቀይር ቆምኩ።

ስንወጣ አንዲት በእኔ ዕድሜ የምትሆን ሴት እጄን ያዘች። ጀርባዋ ላይ ጨቅላ አዝላለች።

«አዲስ አበባ ነሽ አይደል እህቴ?» አለችኝ። «ወንድሜ እዚያ ነው። ለቡ የሚባል አገር ሕንፃ ይሠራል አሉኝ። ስልኩ አይነሳም።»

የሄደው ዲያቆን የእሷ ታናሽ ወንድም ነው። ያዘለቻት ሴት ልጅ ናት፤ ክርስትና የምትነሳበት ሰማንያ ቀኗ የሚሞላው እኛ ከሄድን በኋላ፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል ነው። ክረምት ከገባ ያ ከጉልበት በታች የተሻገርነው ወንዝ እስከ መስከረም ሰው አያሳልፍም። ሌላ ቤተ ክርስቲያን ያለው ደግሞ ከወንዙ ማዶ፣ ሩቅ ነው፤ ክርስትና ያለ ቅዳሴና ቁርባን፣ ቅዳሴም ያለ ሦስተኛ ዲያቆን አይሆንም። ካቻምና ክረምት የወለደችው ወንድ ልጅ አርባው ሳይሞላ ሞቶባታል። ሳይጠመቅ፣ ፍትሐት ሳይደረግለት ተቀበረ። ይህን ስትነግረኝ ድምፅዋ አልተለወጠም፤ የእኔ ነው የተለወጠው።

«ለቡማ ሰፈሬ አጠገብ ነው» አልኳት።

«እንግዲያ ወንድሜን አግኚልኝ።»

«አገኘዋለሁ። ይዤው እመጣለሁ» አልኩ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ። እሷ በበኩሏ አመነችኝ፤ ከመጣሁም ለልጅቷ የክርስትና እናት እንድሆንላት ጠየቀችኝ።

ስንመለስ አስተባባሪያችን አውቶብስ ውስጥ ሳቀብኝ። «ለቡ ላይ የሕንፃ ሠራተኛ ፍለጋ? እዚያ ያለው ሰው ሁሉ እኮ የሕንፃ ሠራተኛ ነው።»

አዲስ አበባ ከገባሁ ጀምሮ ሰላም አጣሁ። ጠዋት ቤተ መጻሕፍት እገባለሁ፣ ደብተሬን እዘረጋለሁ፣ በመስኮት ሰማዩን አያለሁ። ወደ ፉሪ በኩል ደመና ከጠቆረ ያ ወንዝ ይታየኛል። ከሰዓት በኋላ ደብተሩን አጥፌ ወደ ለቡ። ስሙን ይዤ በየቆርቆሮ አጥሩ እያንኳኳሁ፣ በብሎኬት ክምርና በአሸዋ መሀል እየዘለልኩ። ጫማዬ ሲሚንቶ ጠጥቶ ደረቀ። አንዱ ፎርማን ስሙን ደጋግሞ ካሰበ በኋላ፦

«እህት፣ እዚህ ሰው የሚታወቀው በስሙ ሳይሆን በሥራው ነው። ምንድን ነው የሚሠራው?» አለኝ።

«ዲያቆን ነው።»

ብረት የሚያስሩት ልጆች ሳቁ። አንዱ ከላይ፣ ከእንጨት መወጣጫው ላይ ሆኖ፣ «ዲያቆን የለንም፣ ግንበኛ ይሁንልሽ?» አለ። እኔም ሳቅሁ፤ ግን ቤት ስገባ ራት አልበላ አለኝ። ተኝቼ እነሳለሁ፣ ተነስቼ እቀመጣለሁ። እናቴ «ፍቅር ይዞሽ ከሆነ ንገሪኝ» አለች።

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንደሚባለው ሆኖ፣ ቀድሜ በጥድፊያ ያለፍኩት ቦታ ነው የተገኘው። ብዙ ጊዜ አልፌያት የሄድኩ አንዲት ሴት ነበረች፤ ሸራ ወጥራ ለሠራተኞች ሻይና ዳቦ የምትሸጥ። ያን ቀን እግሬ ስለዛለ ብቻ ተቀመጥኩ። ሻይ አዘዝኩና እንደ ልማዴ ስሙን ጠራሁ። መቅዳቷን አቆመች።

«ምኑ ነሽ?»

ለቡን ስዞር ማን ነው፣ ምን ይሠራል፣ የየት አገር ሰው ነው ተብያለሁ። ምኑ ነሽ ያለኝ አልነበረም። አጠያየቋ ሁሉን ነገረኝ።

«ምኑም አይደለሁም» አልኳት ቶሎ ብዬ። «ከእህቱ ዘንድ ነው የመጣሁት።»

ከአጥሩ ኋላ ጠራችው። እጁ እስከ ክርኑ ሲሚንቶ ነው። ከእህቱ መልእክት እንዳለኝ ስነግረው መጀመሪያ የጠየቀኝ «ቤተ ክርስቲያኑ ተከፈተ?» ብሎ ነው።

«አንድ እሑድ ብቻ። ደግሞም አጎት ሆነሃል። ሴት ናት። ሰማንያዋ ሊሞላ ነው፣ ክረምቱም እየገባ ነው። ዲያቆን ጎድሏልና አብረን እንሂድ።»

ወደ ሴትየዋ አየ። ከዚያ መሬት መሬት።

«እኔ አሁን ዲያቆን አይደለሁም እህቴ። ሳንቆርብ ነው የተጋባነው። ክህነቴ ፈርሷል። መቅደስ ልገባ አልችልም።» እጁን በሱሪው ጠረገ። «አላገኘሁትም በያት። ጠፋ ብትይ ይሻላታል።»

ተናደድኩ። እሱ ላይ ይሁን ራሴ ላይ አልለየሁትም። ያን ሁሉ ሰሞን ለቡን ዲያቆን ስፈልግ ዞሬ ያገኘሁት ባል ነው። ቃሌን የሰጠኋት ሴት ወንዙን እያየች እየጠበቀችኝ ነው፣ እኔ ደግሞ የምወስድላት ዲያቆን የለኝም። ሴትየዋ ሻዩን አልከፈልሽም አላለችኝም፤ እኔም ረስቼው ሄድኩ።

በቀጥታ የሄድኩት ወደ አስተባባሪያችን ነው። ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አገኘሁትና አንተ ሄደህ ቀድስላቸው አልኩት።

«ማክሰኞ ፈተና አለኝ» አለ ቀና ሳይል።

«እሑድ ቀድሰህ ሰኞ ትገባለህ።»

«ኤፍ ባመጣ አንቺ ልትማሪልኝ ነው?»

«እኔ አልማርልህም። ልጅቷ ብትሞት ግን አብረን ነው የምንጠየቀው።»

ነገሩን ሁሉ ካስረዳሁት በኋላም አልተውኩትም። በቀን በቀን ደወልኩ። ካፌ ሲገባ ተከተልኩት። በመጨረሻ «እሺ፣ ግን አውቶብስ ላይ እንዳታናግሪኝ፣ አጠናለሁ» አለ። የምንሄድበትን ቀንም ለሻይ ሻጯ ነገርኳት፤ ለምን እንደነገርኳት አላውቅም፣ ዝም ማለት ስለማልችል ይመስለኛል።

ቅዳሜ ማለዳ መናኸሪያው ውስጥ ወንድምየውን ከአውቶብሱ አጠገብ ቆሞ አገኘነው። በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ትልቅ ዳቦ ታቅፏል።

«ለክርስትናው እሷ ጋግራ ነው» አለ። «እስከ ወንዙ ላድርስላችሁና እመለሳለሁ።»

መንገዱን በሙሉ አስተባባሪያችን ደብተሩን ያነባል፣ እሱ ዳቦውን ጭኑ ላይ አስቀምጦ በመስኮት ያያል፣ እኔ ደመና እቆጣጠራለሁ። ወንዙ ጋ ስንደርስ ውኃው ከጉልበት በላይ ሆኗል፤ መልኩም ደፍርሷል። ዳቦውን ለአስተባባሪያችን ሰጠው። እሱ ሳይሻገር እዚያው ካለው ወፍጮ ቤት እንደሚያድርና ስንመለስ እንደሚጠብቀን ነገረን። «አደራ፣ አላገኘሁትም በይ» አለኝ እንደገና። እሺ አልኩ። ሌሊቱን ዘነበ።

እሑድ ልጅቷ ተጠመቀች። እኔ ነኝ የያዝኳት። ውኃው ሲነካት ጮኸች፣ ስትቆርብ ዝም አለች፣ ማተቧ ታሰረላት። አስተባባሪያችን ከመቅደስ ሲወጣ ከድካም ፊቱ ነጥቶ ነበር፤ ፈተናውን ግን ያን ሰዓት ያሰበው አይመስለኝም። እናቲቱ ከእጄ ስትቀበላት ጉልበቴን ልትስም ዝቅ ስትል አነሳኋት። ስለ ወንድሟ አልጠየቀችኝም፤ ያለ እሱ መምጣቴን አይታ የተወችው መስሎኝ ልቤ ትንሽ አረፈ።

ቤቷ ገብተን አስተዳዳሪው ቄስ ዳቦውን ባርከው ቆረሱ። እሷ ቁራሿን ያዘችና፦

«ይህን የመሰለ ዳቦ ማን ጋገረልን?» አለች።

«የወንድምሽ ሚስት» አልኩ።

ከአፌ ወጣ። መመለሻ የለውም። አስተባባሪያችን ዓይኑን ጨፈነ። እሷ ዳቦውን አስቀመጠች።

«የት ነው?»

«ወንዙ ማዶ።»

ልጇን አቅፋ ወጣች። እኔ ከኋላዋ እየሮጥኩ ማስረዳት ጀመርኩ፦ ሳይቆርቡ እንደተጋቡ፣ ክህነቱ እንደፈረሰ፣ ያልመጣው አፍሮ እንደሆነ፣ እንዳትነግሪያት እንዳለኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ቶሎ ቶሎ አውርቼ አላውቅም። መንገዱ ጭቃ ነው፣ እሷ ግን ከእኔ ትፈጥናለች።

ማዶ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ነበር። ሲያያት ብድግ አለ። ወንዙ ከትናንቱ ጨምሯል፣ ግን ገና ያሻግራል። ሁለቱም ተያዩ። ከላይ፣ ከተራራው በኩል እንደገና ያስገመግም ጀመር፤ እኔ አንዴ ሰማዩን አንዴ ውኃውን እያየሁ በቆምኩበት እረግጣለሁ።

«ና ተሻገር» አለች።

«በየት ፊቴ?» አለ ማዶ ሆኖ። «ክህነቴ እኮ ፈርሷል። ነግራሽ የለ?»

«ዲያቆን መች ጠራሁ?» አለች። «የጠራሁት ወንድሜን ነው።»

መጀመሪያም እጄን ይዛ ያለችኝ ይህንኑ ነበር። ዲያቆኑን የጨመርኩበት እኔ ነኝ።

ጎንበስ ብሎ ጫማውን ፈታ። ክሩን አስሮ አንገቱ ላይ አንጠለጠለው፣ ሱሪውን ሰበሰበና ገባ። ውኃው ጭኑ ላይ ደረሰ። ዝናቡ ጠብ ጠብ ማለት ሲጀምር ፍጠን ልለው አፌን ከፈትኩ። እሷ ግን ቀደመችኝ፤ ልጇን በነጠላዋ ሸፍና እግሯን ውኃው ዳር ከትታ እጇን ዘርግታለታለች።

«ቀስ እያልክ» አለችው። «ድንጋዩ ያንሸራትታል።»