የጎበዞቹ አስጠኚ

ልክነሽ አርባ ምንጭ ውስጥ በአንድ ኮሌጅ አማርኛ ታስተምራለች። ከሰዓት በኋላ ቤተ መጻሕፍቱ ጥግ ተቀምጣ የተማሪዎችን ጽሑፍ ታያለች። ባልደረቦቿን የሚገርማቸው የምትመርጣቸው ልጆች ነገር ነው፤ የሚደክሙትን ወደ ማጠናከሪያ ክፍል ትልክና ጥሩ አድርገው የሚጽፉትን ለራሷ ታስቀራለች።

"እነሱማ ምን ጎደላቸው?" ይሏታል።

"የሚያነብላቸው ሰው" ትላለች።

ይህን የምትለው በራሷ ስለደረሰ ነው። ገረሴ በምትባለው ትንሽ ከተማ ስትማር ደብተሯ ላይ በቀይ እስክሪብቶ "በጣም ጥሩ" የሚል ያልተጻፈበት ገጽ አልነበረም። ከሥሩ ሌላ መስመር ይኖር ይሆን እያለች ገጹን ትገልጥ ነበር፤ አንድም ቀን አላገኘችም። በኋላ መጻፉን ተወችው። የከለከላት ሰው የለም፤ የጠየቃትም አልነበረም።

ካቻምና ካሌብ የሚባል ተማሪ መጣ። ስለ አባያ ሐይቅ ዓሣ አጥማጆች የጻፈው ወረቀት ከመቶ ዘጠና ስድስት አግኝቷል።

"ታዲያ ምን ልርዳህ?"

"አላውቅም ቲቸር። ግን የሆነ ነገር ይጎለዋል።"

ሁለት ጊዜ አነበበችው። ስህተት አላገኘችበትም። ሦስተኛው ገጽ ላይ ግን ከሌሎቹ ሁሉ በላይ ሕይወት ያለው "አንድ አጥማጅ" ነበር። ጣቷን እዚያ ላይ አሳረፈች።

"ይህን ሰው ከየት አገኘኸው?"

ካሌብ አቀረቀረ። "አባቴ ነው።"

"ለምን አባቴ አላልክም?"

"ጥናት ነዋ! አባቴ ይባላል እንዴ?"

"እኔ እንጃ። እስኪ ብለህ አሳየኝ።"

ስድስት ሳምንት ተመላለሰ። አንድም ዓረፍተ ነገር አልጻፈችለትም። ትጠይቀዋለች፣ ይናደዳል፣ ይሄዳል፤ በማግስቱ ሌላ ገጽ ይዞ ይመጣል። የመጨረሻውን ቅጂ ጮክ ብሎ ሲያነብላት እንባዋን እንዳያይ ተነስታ ወደ መስኮቱ ሄደች።

ከዚያ ካሌብ ለተጨማሪ ትምህርት አዲስ አበባ ገባ። ልክነሽ ቅጂ አላስቀረችም ነበር። ከወራት በኋላ ያን ጽሑፍ እንደገና ማንበብ አምሯት ደወለችለት።

"ዛሬውኑ እልክልሻለሁ ቲቸር" አላት። አልላከም። ሁለተኛ ለመጠየቅ አፈረች።

አንድ ቅዳሜ፣ ጽሑፉን ባላገኝ የተጻፈለትን ሰው ልይ ብላ ወደ አባያ ዳር ወርዳ አባቱን አቶ ካሱን አፈላልጋ አገኘቻቸው። የካሌብ አስተማሪ መሆኗን ስትነግራቸው ደነገጡ።

"ልጁ ደህና ነው?"

"ደህና ነው። አይደውልልዎትም?"

"ይደውላል። ቶሎ ይዘጋል እንጂ። ስለ እኔ ጽፏል አሉኝ። እኔ ማንበብ አልችልም። ምን አለ?"

ልክነሽ ቃላቱን ፈለገች። ሳምንታት ሙሉ አንድ በአንድ የመዘነቻቸው ዓረፍተ ነገሮች ከአፏ ሊወጡ አልቻሉም። የቀረላትን ብቻ ነገረቻቸው፦ ካሌብ ልጅ ሳለ ማዕበል ጀልባዋን ሲያናውጣት፣ አባቱ ዓሣ የሞላውን መረብ ለቀው እሱን መያዛቸውን።

አቶ ካሱ ወደ ውሃው ዞሩ። "ያን ያስታውሳል?"

"ያስታውሳል።"

"እኔ እኮ የረሳው መስሎኝ…" ወደ እሷ መለስ ብለው "እስኪ ድገሚልኝ" አሏት።

ልክነሽ የተገለበጠ ጀልባ ላይ ተቀመጠችና ከመጀመሪያው ጀመረች።