የመምህር ማርቆስ አረማመድ

ቀዶ ሕክምና ክፍል የተመደብኩ ዕለት የክፍሉ ኃላፊ ነርስ መጀመሪያ የሰጡኝ ነገር ትንሽ የእጅ ባትሪ ነው። መርፌ መውጋትና ቁስል ማጠብ ከትምህርት ቤት ይዤ መጥቻለሁ። እሳቸው ግን ከሞተር ሳይክል ወድቆ ወደተኛ ጎልማሳ ወሰዱኝና፣ "ዓይኑን ገልጠሽ አብሪበት። ብሌኑ መጥበቡን እዪ። ከዚያ ስሙን ጠይቂው፣ የት እንዳለ ጠይቂው። ጠዋት የመለሰውን ከሰዓት ካልመለሰ ሐኪም ጥሪ" አሉኝ። ብዙ የማይናገሩ ሴት ነበሩ። የዚያን ቀን ሥራዬ ይኸው ብቻ ሆነ።

ሆሳዕና ውስጥ ሞተርና ባጃጅ እየበዛ ሲሄድ የእኛም ክፍል ጭንቅላታቸውን በተመቱ ሰዎች ይሞላ ጀመር። ከፎንቆ ይመጣሉ፣ ከሀደሮ ይመጣሉ፣ አንዳንዱ በአምቡላንስ፣ አንዳንዱ በሚኒባስ የኋላ ወንበር ተጋድሞ። የሚሞተው ይሞታል። የነቃውን ቤተሰቡ አመስግኖ ይዞት ይሄዳል፤ እኛም አንሶላውን ቀይረን ሌላ ሰው እናስተኛለን። ከሄደ በኋላ ምን እንደሚሆን የምናየው ጥቂቱን ነው። መምህር ማርቆስን ግን አየሁት።

የሀደሮ ሰው ነው። ሒሳብ ያስተምራል። ከስብሰባ ሲመለስ የተሳፈረበት ሞተር ከጭነት መኪና ጋር ተጋጨ። ወደ እኛ ሲመጣ ራሱን ስቶ ነበር። ሲቲ ስካን ሲነሣ አንጎሉ ውስጥ ደም ፈሷል፤ ሐኪሙ ግን በቀዶ ሕክምና የሚከፈት ነገር አላገኘበትም። መጠበቅ ነበር ያለው። ባለቤቱ ዘነበች ከአልጋው ሥር ጋቢ አንጥፋ ከረመች። በካምባትኛ ታወራዋለች፤ እኔ ሀድይኛ እንጂ የእነሱን ቋንቋ ብዙም ስለማልሰማ ሁለታችን የምንግባባው በአማርኛ ነው።

አንድ ቀን ዓይኑን ገለጠ። ቀስ በቀስ ተናገረ፣ በላ፣ ቆመ። የወጣ ዕለት በእግሩ እየሄደ ሁላችንንም በስማችን ጠርቶ ተሰናበተን። ኋላም ወደ ትምህርት ቤቱ ተመልሶ ማስተማር መጀመሩን ሰማሁ። ደስ አለኝ።

ወራት አለፉ። ከዕለታት አንድ ቀን በተመላላሽ ሕክምና በኩል ሳልፍ አንድ ሰው ግድግዳውን ይዞ ሲመጣ አየሁ። እግሮቹን አራርቆ፣ ጫማው ከወለሉ ሳይነሣ፣ ጭቃ የያዘው ይመስል እየጎተተ ነው። ያወቅኩት አጠገቡ ባለችው ሴት ነው። ዘነበች ነበረች። ከኋላቸው የእሱ ታላቅ ወንድም አቶ ኤልያስ ቦርሳ ይዘው ይከተላሉ።

"መምህር፣ አወቁኝ?" አልኩት።

አየኝ። ቆየና "አዎ" አለ። ከዚያ በላይ አልተናገረም።

ዘነበች ወደ ጎን ወሰደችኝ። "ሲስተር፣ መጀመሪያ እርምጃው ነው የተበላሸው። ደክሞት ነው ብለን ተውነው። ቀጥሎ ሰሌዳ ላይ የጀመረውን ይረሳ ጀመር። አሁን ዝም ብሎ ይቀመጣል። ካልነገሩት አይበላም።" ድምጿን ዝቅ አደረገች። "ሽንቱም ያመልጠዋል። ተማሪዎቹ ፊት አመለጠው። ከዚያ ወዲህ ከቤት አላወጣሁትም።"

አቶ ኤልያስ ድንጋጤ ነው ብለው ያምኑ ነበር። የአደጋው ድንጋጤ ዘግይቶ የያዘው። ሽማግሌዎች ቤቱ ድረስ መጥተው ጸልየውለታል። አንድ ክሊኒክ ደግሞ ጭንቀት ነው ብሎ የሚዋጥ ነገር ሰጥቶት፣ እሱን ሲወስድ እንቅልፉ ባሰ። "ወንድሜ ኩሩ ሰው ነው" አሉኝ አቶ ኤልያስ። "ሐዘን ነው የሰበረው።"

ይዣቸው ወደ ሐኪማችን ገባሁ። ወጣት ነው፤ ግን አይቸኩልም። የዘነበችን ቃል ከዳር እስከ ዳር ሰማ። ከዚያ፣ "መምህር፣ እስቲ እስከ በሩ ሄደው ይመለሱ" አለው። መምህር ማርቆስ ሄደ። በሩ ጋ ሲደርስ ለመዞር ብቻ እግሩን ስንት ጊዜ አነሣ ጣለ። ዘነበች ፊቷን አዞረች።

አዲሱ ሲቲ ስካን ሲመጣ ሐኪሙ ከበፊቱ ጎን ለጎን አድርጎ መስኮቱ ላይ ያዘው። በአንጎሉ መካከል ያሉት ጥቋቁር ክፍተቶች ከበፊቱ በጣም ሰፍተዋል። እንዲህ ሲል አስረዳቸው፤ "ሁላችንም አንጎላችን ውስጥ ውሃ አለን። ይመነጫል፣ ይዞራል፣ ወደ ደም ይመለሳል። የፈሰሰው ደም መመለሻውን ደፍኖበታል። ስለዚህ ውሃው ተጠራቅሞ አንጎሉን ከውስጥ ይገፋዋል። እርምጃውም፣ ሽንቱም፣ ዝምታውም ከዚያ ነው።"

"ድንጋጤ አይደለም?" አሉ አቶ ኤልያስ።

"አይደለም።"

አቶ ኤልያስ ቁጭ አሉ። ወንድማቸውን ተነሥ፣ በርታ፣ ወንድ ሁን እያሉ ብዙ ተቆጥተውት እንደነበር ዘነበች በኋላ ነገረችኝ።

የአንጎሉ ውሃ በአከርካሪው ውስጥ እስከ ወገብ ስለሚወርድ፣ ሐኪሙ ለመፈተን ከዚያ በመርፌ ቀዳለት። ጀርባውን ቀስት አድርጎ እንዲተኛ የያዝኩት እኔ ነኝ። በማግስቱ ጠዋት ወደ ክፍሉ ስገባ መምህር ማርቆስ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጧል። ተነሥቶ መስኮቱ ድረስ ሄደ፤ እግሩ ከወለሉ ይነሣል። ወደ ሚስቱ ዞሮ፣ "ልጆቹ ፈተና ተፈተኑ?" አላት።

ጥቂት ቀን ቆየና ውሃው እንደገና ሞላ። መምህሩም ወደ ዝምታው ተመለሰ።

ሐኪሙ ለአዲስ አበባ ሪፈር ጻፈ። ከራስ ቅሉ ውስጥ ተነሥቶ ከጆሮው ጀርባ፣ በአንገቱና በደረቱ ቆዳ ሥር አልፎ ሆዱ ውስጥ ውሃውን የሚያፈስ ቀጭን ቱቦ እንደሚገባለት ነገራቸው።

"መቼ ነው የሚወጣው?" አሉ አቶ ኤልያስ።

"አይወጣም። ዕድሜ ልኩን አብሮት ይኖራል።"

አቶ ኤልያስ ቤተሰብ ሳይመክርበት አይሆንም አሉ። ተመከረ። ከዚያ ወረፋ ነበር፤ እዚያ ከእኛ በፊት የደረሰ ብዙ ነው። ዘነበች አልፎ አልፎ ትደውልልኛለች። በመጨረሻ ላይ ሁለት ሰው ደግፎት እንኳ አይቆምም ነበር። ከዚያ ተራው ደረሰ።

ቱቦው ገብቶለት ከአዲስ አበባ ሲመለስ ስፌቱን የፈታሁለት እኔ ነኝ። ጸጉሩ በአንድ በኩል ተላጭቷል፤ ከቆዳው ሥር ቱቦው በጣት ይዳሰሳል። ራሱ ሄዶ ገባ፣ ራሱ ተቀመጠ። ሽንቱን ይቆጣጠራል። ቱቦው ሊዘጋ ወይም ሊያመረቅዝ ስለሚችል፣ ለዘነበች ትኩሳት፣ ራስ ምታት፣ ማስመለስ ወይም ያልተለመደ እንቅልፍ ካየች ታይፎይድ ነው የሚላትን ሰው ሳትሰማ በዚያው ቀን እንድታመጣው ነገርኳት። ሁሉም እንደታሰበው ሄዷል ብዬ አስቤ ነበር።

ትምህርት ቤት ተመልሶ ሞክሮ ነበር። የሁለት መስመር ሒሳብ ጀምሮ መሐል ላይ ይጠፋበታል። ርእሰ መምህሩ ሰው አክባሪ ስለሆኑ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ መደቡት። መጽሐፍ ያወጣል፣ መጽሐፍ ይመልሳል።

በሌላ ቀጠሮው ዘነበች መድኃኒት ቤት ሄዳ ሁለታችን ብቻ ቀረን። ቀና ብሎ አየኝ።

"ሲስተር፣ ክፍል ውስጥ የሆነውን ያውቃሉ?"

ምን እንደጠየቀኝ ገብቶኛል። "አውቃለሁ" አልኩት።

"ዘነበች ሕልም ነው ትለኛለች። ልጆቹ ግን ሲያዩኝ ዝም ይላሉ። ያኔ ሲሆን አላፈርኩም። ምንም አልተሰማኝም። አሁን ነው ያፈርኩት። ያኔ ፊት ወንበር ላይ የነበረውን ልጅ ስም እንኳ አስታውሳለሁ፤ ሒሳቡን ግን አላስታውስም።"

በሽታ ነው፣ የእርስዎ ጥፋት አይደለም አልኩት። "እሱንስ አውቃለሁ" አለ። ዘነበች ስትመጣ ተነሥቶ ቦርሳዋን ተቀበላት፤ ቀጥ ብሎ እየሄደ ወጣ። ከሩቅ ያየው ሰው ጤነኛ ነው ይላል።

አሁንም ሀደሮ ነው ያለው። በገበያ ቀን ከቤት አይወጣም፤ ተማሪዎቹ ከወላጆቻቸው ጋር ገበያ ይወጣሉና።

ለሥራ ባልደረቦቼ የምለው ይህ ነው። ጭንቅላቱን ተመትቶ የዳነ ሰው ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ አረማመዱ ከተለወጠ፣ ሽንቱ ካመለጠው፣ ሐሳቡ ከዘገየ፣ ሐዘን ነው ብላችሁ አትመልሱት። አስነሡት፣ አስኪዱት፣ ሲቲ ስካን ይታዘዝለት። ይህንን ከሆስፒታል ሲወጣ ለቤተሰቡ ንገሩ። ውሃው ዘግይቶም ቢሆን በቱቦ ይፈሳል። ውሃው ተጭኖ ያጠፋው ግን ሁሉም አይመለስም።