እናቴ የቆመችበት ቃል

የሚያርር ገብስ በሸተተኝ ቁጥር፣ ሌላው ሰው ቆሎ ነው ብሎ ምራቁን ሲውጥ፣ እኔ ጉና ሥር የነበረው አውድማችን ይመጣብኛል። በቀደም ዕለት ጎረቤቴ ገብስ ስትቆላ ሐሳቧ ወደ ሌላ ሄዶባት ኖሮ፣ ሽታው አጥር ተሻግሮ መጣና፣ መስኮቴን ልዘጋ ተነሥቼ ሳልዘጋው እንደ ቆምኩ ቀረሁ።

ቤታችን ከደብረ ታቦር ወደ ገሳይ ከሚወስደው መንገድ ጥቂት ወጣ ብሎ፣ ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን በታች ነበር። አባቴ ታከለ ገበሬ ነበር፤ ጣሊያን ደብረ ታቦር ገብቶ ምሽግ ሲሠራና መንገዱን በመኪና ሲሞላው፣ ጠመንጃውን ይዞ ወደ ጉና ወጣና አርበኛ ሆነ። ቤት ውስጥ እናቴ አበጁና እኔ ቀረን፤ ወንድሜ ጌታሁን የተወለደው ኋላ ነው፣ አባቴ አልፎ አልፎ ሌሊት እየወረደ ሲጠይቀን። እናቴ ብርቱ ሴት ነበረች፤ ቀን ስታርምና ስታጭድ ውላ፣ ማታ ጥጥ ፈትላ፣ ለአባቴ ስንቁን በአህያ በተጫነ ጭድ ውስጥ ደብቃ ትልክለት ነበር።

የቅርብ ጎረቤቶቻችን ደሴና ሚስቱ ይታይሽ ነበሩ። ይታይሽ የክርስትና እናቴ ናት። ስጠመቅ የተቀበለችኝ እሷ ስለሆነች ደሴና አባቴ አበልጅ ተባብለው፣ በዓመት በዓል አንዱ ካለ አንዱ እንጀራ አይቆርሱም ነበር። ይታይሽ የራሷ ልጅ አልነበራትምና፣ ጠጉሬን የምትሠራኝ፣ ለጥምቀት ቀሚሴን የምታጥብልኝ፣ እናቴ ስትቆጣኝም የምሸሸግባት እሷ ነበረች።

በዚያ መከር ገብሱ አምሮ ነበር። ታጭዶ ተከምሮ ሳለ፣ አባቴ ልጆቹን ስሞ፣ የዓመት እህሉን በዐይኑ አይቶ ሊመለስ ከጉና ወረደ፤ መምጣቱን ከእኛ ሌላ የሚያውቅ አበልጁ ደሴ ብቻ ነበር። በማግሥቱ ጧት ጣሊያኖችና ባንዶች መንደሩን ከበቡት። ከፊት ሆኖ የሚመራቸው ሰው ፊቱን በጋቢ ሸፍኗል፤ ይሁን እንጂ አረማመዱን እኔ እንኳ ዐወቅሁት። ደሴ ነበር። አባቴ በጓሮ ወጥቶ ወደ ወንዙ ሲሮጥ ወንዙ ዳር መቱት። ከዚያ ክምራችንን በእሳት ለቀቁት፣ በሬዎቻችንን ነድተው ሄዱ። ገብሱ ሲጨስ ዋለ። እናቴ የአባቴን ራስ በጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣ፣ የገብሱ አመድ በሁለቱም ላይ እንደ ካፊያ ሲወርድባቸው አየሁ።

የንስሐ አባታችን መምሬ ገላው፣ የአርበኛ ሬሳ የቀበረ ይታሰራል እየተባለ፣ በጠራራ ፀሐይ ፍትሐት አድርሰው ቀበሩት። ሴቶቹ ሙሾ ሲያወርዱ እናቴ ጠብ የሚል እንባ አልነበራትም፤ ዐይኗን ከደሴ ቤት ጣሪያ ሳትነቅል ቆማ ዋለች። ደሴ ከዚያ ቀን ወዲያ ምሽግ ገብቶ ከጣሊያን ጋር ሲኖር፣ ይታይሽ ግን አብሬው አልሄድም ብላ፣ ማንም በማይረግጠው ቤቷ ብቻዋን ቀረች። እኔም ወደዚያ ዝር እንዳልል ተከለከልኩ።

በጋውን እናቴ ጠጉሯን ተላጭታ፣ ከል ለብሳ፣ ቃል ሳታበዛ አሳለፈችው። ጌታሁን አፉን እየፈታ ነበርና፣ ሲመሽ እሳት ዳር ታስቀምጠውና «አባትህን ማን አስገደለው?» ትለው ነበር። «ደሴ» ይላል። «ስታድግ ምን ታደርገዋለህ?» ስትለው፣ ያስተማረችውን መልስ በኮልታፋ አንደበቱ ይመልስላታል፤ እሷም ግንባሩን ስማ ታስተኛዋለች። ደም በደም ይመለስ በነበረበት አገር ይህን ነውር ያላት ሰው አልነበረም። እንዲያውም ታላቅ ወንድሟ አጎቴ መኳንንት፣ እሱም አርበኛ ነበር፣ ልጁ እስኪያድግ አይጠበቅም፣ ደሙን እኔው እመልሰዋለሁ እያለ ከጉና ይልክባት ነበር።

ጸሎቷን ግን አላቋረጠችም። እራት ሳንበላ ወደ ምሥራቅ ዞራ፣ እኛን በግራና በቀኟ አቁማ፣ አቡነ ዘበሰማያት ትደግም ነበር፤ ታዲያ በደላችንን ይቅር በለን ከሚለው ቃል ስትደርስ ድምፅዋ ይጠፋል። እሱን ዘልላ ከወዲያ ማዶ ያለውን ትጨርስና ታማትባለች። እኔ ሕፃን ብሆንም ጸሎቱን ዐውቀው ስለ ነበር፣ የዘለለችውን በሆዴ እልላት ነበር።

ዐቢይ ጾም እንደ ገባ መምሬ ገላው ጠበል ሊረጩ መጡ። ጌታሁን መስቀሉን ተሳልሞ ሲያበቃ፣ እንግዳ መጣ ብሎ ይሁን ምን እንጃ፣ ማንም ሳይጠይቀው ያንን ትምህርቱን ከነመልሱ አነበነበላቸው። መምሬ ገላው መደቡ ላይ ቁጭ አሉ። እናቴ አቀርቅራ፣ «አባቴ፣ ልቤ ደንጊያ ሆኗል» አለቻቸው። «እኔ ይቅር ሳልል ይቅር በለኝ ብል፣ እግዚአብሔርን መዋሸት ነው። ስለዚህ እዚያ ቃል ላይ ስደርስ እዘለዋለሁ።»

ይቆጧታል ብዬ ፈራሁ። እሳቸው ግን፣ «አለመዋሸትሽ መልካም ነው» አሏት። «ዳሩ ግን አትዝለዪው። እዚያው ቃል ላይ ቁሚ። ደጁን የሚከፍት እግዚአብሔር ነው፤ ከደጁ አለመሄድ ያንቺ ፈንታ ነው።» ሊወጡ ሲሉ የጌታሁንን ራስ ዳሰሱና፣ «ይህ ልጅ ግን ምን በደለሽ? ያንቺን ሸክም ለምን ታሸክሚዋለሽ?» አሏት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጁን ያንን ጥያቄ ጠይቃው አታውቅም። እሷ ግን ቃሉ ላይ መቆም ጀመረች። እዚያ ስትደርስ ትቆማለች፣ እኛም አብረን እንቆማለን፤ ምድጃ ላይ ያለው ሽሮ ሲያር፣ እግራችን ሲደነዝዝ፣ እሷ አትነቃነቅም ነበር። አንዳንድ ቀን «አልችልም» ትለዋለች፣ ፊት ለፊቷ የተቀመጠ ሰው እንደምታናግር። አንዳንድ ቀን ጥርሷን ነክሳ ትሰግዳለች። እስከዚያ ድረስ ጸሎት እንደ ውኃ የሚፈስ ነገር ይመስለኝ ነበር፤ ትግል መሆኑን ያየሁት ከእናቴ ነው።

ስቅለት ዕለት ሕዝቡ ሁሉ ለስግደት ጊዮርጊስ ደጀ ሰላም ተሰብስቦ ሳለ፣ ይታይሽ ነጠላዋን ተከናንባ ገባች። ሴቶቹ እያጉረመረሙ ራቋትና፣ በዙሪያዋ ባዶ መሬት ሆነ። እናቴ ዘግየት ብላ ስትመጣ ያ ባዶ ቦታ ብቻ ነበር የቀረው። ሰው ሁሉ ትመለሳለች ብሎ ሲያያት፣ መቀነቷን ጠበቅ አድርጋ ከይታይሽ ጎን ቆመችና ትሰግድ ጀመር። ሳይተያዩ ዋሉ። ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ ይታይሽ ከወደቀችበት መነሣት አቃታት፤ እናቴ በክንዷ ይዛ አነሣቻትና፣ ወደ ስግደቷ ተመለሰች።

ወደ ቤት ስንመለስ ለምን እንደ ሆነ ብጠይቃት፣ «ለአምላኩ ሊሰግድ የወደቀ ይነሣል እንጂ ይረገጣል?» አለችኝ። ከዚያ ወዲያ ወደ ይታይሽ ቤት ስሄድ እንዳላየች ታልፈኝ ጀመር።

ክረምቱ ሲገባ ጣሊያን ደብረ ታቦር ላይ እጁን ሰጠ። አርበኞቹ ጠጉራቸውን አጎፍረው፣ እየፎከሩ ከጉና ወረዱ፤ የባንዳ ቤት ሲቃጠል ጭሱ በዝናቡ ውስጥ ይታይ ነበር። አጎቴ መኳንንት ሰዎቹን አስከትሎ ቤታችን ገባ። ደሴ ከምሽግ አምልጦ ጊዮርጊስ ተማጥኗል የሚል ወሬ ደርሶት ነበርና፣ ታቦት አልደፍርም፣ እስኪወጣ እጠብቀዋለሁ ብሎ በራችን ላይ ተቀመጠ።

ደሴ ራሱ ወጣ። ዶፍ እየወረደ፣ መምሬ ገላው መስቀላቸውን ይዘው፣ ሽማግሌዎች ግራና ቀኝ ሆነው፣ እሱ በመሀል የይቅርታ ደንጊያ በጫንቃው ተሸክሞ ወደ ግቢያችን ገባና ጭቃው ላይ ተንበረከከ። አጎቴ ጠመንጃውን አቀባበለ። «እታለም፣ ደሙ ያንቺ ነው» አላት። «አንዲት ቃል በይኝ።»

እናቴ ከቤት ወጥታ ከጣሪያው ጠፈጠፍ ሥር ቆመች። ደሴን አየችውና፣ «ማን አስገደደህ?» አለችው።

ሽማግሌዎቹ ጣሊያን አስገድዶኝ ነው እንዲል መክረውት እንደ ነበር በኋላ ሰምተናል። እሱ ግን ቀና ሳይል፣ «ማንም አላስገደደኝም፣ አበልጄ» አለ። «በታከለ እቀና ነበር። ሰው ሁሉ ስሙን ሲጠራ ያመኝ ነበር። እነሱም ሹመት እንሰጥሃለን አሉኝ።» ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን ደፉ። እናቴ የበሩን መቃን ጨብጣ ነበር፤ ከኋላዋ ቆሜ፣ ጣቶቿ ደም የሌላቸው እስኪመስሉ ሲነጡ አየሁ።

«መኳንንት፣ ጠመንጃህን አውርድ» አለች። «ደሙ የእኔ ከሆነ፣ እኔ ለአምላኬ ሰጥቼዋለሁ።»

«ከልብሽ ነው?» አላት አጎቴ።

«ልቤ ገና አልተከተለኝም። አፌ ይቅደም፣ እሱ ይደርሳል።» ከዚያ ወደ ደሴ ዞራ፣ «ደንጊያውን አውርድ» አለችው።

ሽማግሌዎቹ ደስ ብሏቸው የደም ካሳውን በከብት ሊቆርጡ ሲጀምሩ፣ ባሌን አልሸጥም ብላ ወደ ውስጥ ገባች። አጎቴ በንዴት እያለቀሰ ሄደ፤ ጌታሁን ዲቁና እስከ ተቀበለበት ቀን ድረስም ደጃችንን አልረገጠም።

ነገሩ በዚያ ያለቀ መስሎኝ ነበር፤ አላለቀም። እናቴ ደሴን በሩቁ ያየች ቀን እህል አይወርድላትም ነበር። እሱም እሷን ሲያይ ከመንገድ ወርዶ፣ ጎንበስ ብሎ ያሳልፋታል። በሬ ስላልነበረን የደብሩ ሰዎች በደቦ እያረሱልን፣ እሷም እንደ ልማዷ ማታ ማታ ቃሉ ላይ እየቆመች፣ አንድ መከር አለፈ። በሌላው ዓመት ገብሱ ታጭዶ በተከመረ ሰሞን፣ ወገቧን ይዛ ከማሳ ገብታ ጸሎት ላይ ቆመች። እኔ ልማዴ ነውና እግሬን አደላድዬ ጠበቅሁ። ድምፅዋ ግን አልተቋረጠም፤ በደላችንን ይቅር በለን አለች፣ እኛም የበደሉንን ይቅር እንደምንል አለች፣ ቀጠለች፣ አሜን አለች። ቀና ብዬ አየኋት። እሷ ልብ አላለችውም ነበር። ልታማትብ ያነሣችው እጅ ደረቷ ላይ ሲደርስ ቆመና፣ ዐይኗ ፈጠጠ፤ ከዚያ መደቡ ላይ ተቀምጣ፣ አባቴ ከሞተ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀሰች። በማግሥቱ አዲሱን ገብስ በእንቅብ ሞልታ፣ ነጠላ ጣል አድርጋበት፣ «ሂጂ ለክርስትና እናትሽ ስጪ፤ እሑድ አብረን እንቆርባለን በያት» ብላ ላከችኝ።

አሁን እኔ ያኔ መምሬ ገላው በነበሩበት ዕድሜ ላይ ነኝ፤ ደብረ ታቦር ከተማ ውስጥ፣ መብራትና ውኃ ባለበት ቤት እኖራለሁ። ዛሬ በአጥር ድንበር፣ በስልክ በተነገረች አንዲት ቃል የተኳረፉ ወንድማማቾች ለቅሶ ቤት እንኳ ጀርባ ሲሰጣጡ አያለሁ፤ እኛ ግን ያንን የሚያህል ነገር ይዘን ከደሴ የወንድም ልጆች ጋር በአንድ ቄስ ቤት ፊደል ቆጥረናል፣ አንድ ማዕድ ቆርሰናል። የአባቴ ስም በሠርግ ቤት ፉከራ ላይ ሲነሣ ዛሬም ደረቴ ይነፋል። ለእናቴ የፎከረ ሰው አልሰማሁም፤ እሷ ያሸነፈችው ጠላት ዘፈን አልወጣለትም። በልጅነቴ የማን ልጅ ነሽ ሲሉኝ፣ እንደ አገሩ ደንብ የአባቴን ስም ጠርቼ ቀና እል ነበር። ዛሬም የሚጠይቀኝ አይጠፋም፤ የአበጁ ልጅ ነኝ እላለሁ።