አጃቢው መምህር

የፒያኖ መምህሩ ክፉ ቃል ከአፉ አይወጣም። ልጅ ሳለ ያስተማረው ሰውዬ ጣቶቹን በማስመሪያ እየመታ ሙዚቃን እንደ መርፌ አስፈርቶት ስለነበር፣ እኔ ዘንድ የሚማር ሰው እየሳቀ ገብቶ እየሳቀ ይወጣል ብሎ ለራሱ ምሏል። መሐላውንም ጠበቀ። ባይጠብቀው ይሻለው ነበር።

ከተማሪዎቹ ሁሉ ዘገምተኛዋ ልብስ ሰፊዋ ነበረች። ስፌት መኪና ላይ የሚበሩት ጣቶቿ ፒያኖው ጋ ሲደርሱ ይተሳሰራሉ። መምህሩ ግን መላ አላጣም፤ በግራዋ ተቀምጦ አብሯት ይጫወታል። ስትዘገይ ይዘገያል፤ ስትስት የሳተችውን ቶሎ ብሎ ይሞላል። ዜማው አምሮ ያልቃል፣ እሷም ፊቷ ፈክቶ ትሄዳለች። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይላታል ዘወትር። የእሷ እንቁላል ግን ስድስት ዓመት ሙሉ እግር አላወጣም። ጎበዞቹ ተምረው ጥለውት ሲሄዱ፣ ሐሙስ ከሰዓት በሩን የምታንኳኳለት እሷ ብቻ ቀረች።

ታላቅ ወንድሟ ጡረታ ሲወጣ ቤተሰቡ አንድ ሆቴል ተሰበሰበ። አዳራሹ ውስጥ ፒያኖ ነበር። እህታችን እኮ ትጫወታለች ተባለ፤ እሷም ሳታቅማማ ተቀመጠች። ሦስት ጊዜ ጀምራ ሦስት ጊዜ ቆመች። የወንድሟ ሚስት ልታድናት አጨበጨበች፤ ሳቁ ግን ጭብጨባውን ዋጠው።

ሐሙስ በሰዓቷ መጣች። መምህሩ ወንበሩን ሊያስጠጋ ሲል እዚያው ይቁሙ አለችውና ብቻዋን ተጫወተች። ያለ እሱ ስትጫወት ሲሰማ የመጀመሪያው ነበር። ዜማው ወንፊት ሆኗል።

«ጋሼ፣ እንዲህ መሆኔን ያውቁ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ታዲያ ምነው ዝም አሉኝ?»

«ሙዚቃን እንዳትጠዪው ብዬ ነው፣ እህቴ።»

«እኔ እኮ ሕፃን አይደለሁም። ቢነግሩኝ ኖሮ እለፋ ነበር።»

እንዳትጠላው ማሰቡ እውነት ነው፤ እንዳትቀርበት መፍራቱ ግን የበለጠ እውነት ነበር፤ ያንን ለመናገር አፈረ። ደብተሯን ይዛ ወጣች።

ከጥቂት ወራት በኋላ እሷ ዘንድ ልብስ የምታሰፋ ጎረቤቱ ወሬዋን አመጣችለት። ማዶ ሰፈር ካለች አንዲት ቁጡ መምህርት ዘንድ ትማራለች፤ አንዳንዴም አልቅሳ ነው የምትወጣው አለችው። መምህሩ ደስ አለው፤ ደስ ስላለውም ራሱን ታዘበ። እሱ ዘንድ አንድም ቀን አልቅሳ አታውቅም።

«ግን አንዷን ዜማ» አለች ጎረቤቱ፣ «አሁን ብቻዋን ትጨርሳታለች።»