ለልጄ አፍ የተቀመጠው ቅቤ

እስከ ዛሬ ምንም ነገር ጽፌ አላውቅም። የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው፤ ያኔም የምጽፈው መምህሩ ሰሌዳ ላይ የጻፈውን ነበር። አሁን የምጽፈው በአፌ መናገር ስላቃተኝ ነው። ሰዎች «እንዴት ወለድሽ?» ሲሉኝ አንገቴን ደፍቼ «ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን» እላለሁ። ውሸት አይደለም፤ እኔም ልጄም ደህና ነን። ግን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሁሉም ነገር አስጠልቶኝ ነበር። ይህን የምትናገር ሴት ሰምቼ አላውቅም።

ምጥ የያዘኝ ሁምቦ፣ የባሌ ቤተሰቦች ቤት ነው። ባሌ ለቀን ሥራ ሐዋሳ ሄዶ ስለነበር አብረውኝ የነበሩት አማቴ ብቻ ናቸው። ኣዬ ነው የምላቸው፤ በወላይትኛ እናት ማለት ነው። ጤና ጣቢያው «እዚህ አይሆንም» ብሎ በአምቡላንስ ወደ ሶዶ ሲልከን ኣዬ ከልብሴ በፊት ያነሱት በኮባ ቅጠል የተጠቀለለውን ቅቤ ነበር። ሆዴ መግፋት ከጀመረበት ጊዜ አንስቶ ከላማቸው ወተት እየናጡ ያጠራቀሙት ነው። በእኛ መንደር ልጅ ሲወለድ የአባቱ እናት ናት ቅቤ በጣቷ አድርጋ መጀመሪያ የምታቀምሰው። ጉሮሮውን ያለሰልሳል ይላሉ። ያልቀመሰ ልጅ ድምፁ ሻካራ ይሆናል፣ ለዘመድም አይሆንም ይላሉ።

የሁምቦ ሙቀት ይታወቃል። አምቡላንሱ ውስጥ ቅቤው ቀልጦ በኮባው ስንጥቅ ይንጠባጠብ ጀመር። የኣዬ ቀሚስ ራሰ። የቆየ ቅቤ ነውና ሽታው ጉሮሮዬ ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ። ምጡ ፋታ ሲሰጠኝ ሽታው ይመጣል፣ ሽታውን ስረሳ ምጡ ይመጣል።

ማዋለጃው አልጋ ላስቲክ የለበሰ ነው። ጠርገውታል፤ ግን ስፌቱ ውስጥ ከእኔ በፊት የወለደችው ሴት ደም ደርቆ ቀርቷል። እየገፋሁ ዓይኔ ከዚያ ስፌት ላይ አልነሳ አለ። ከዚያ ስገፋ ሌላ ነገር ከስሬ ወጣ። የምታዋልደኝ ሲስተር በጨርቅ ጠርጋ ጣለችውና «ከሁሉም ሴት ይወጣል፤ አትፈሪ፣ ግፊ» አለችኝ። ፊቷን ማየት አልቻልኩም። እስከ አሁንም መንገድ ላይ ባገኛት የምደበቅ ይመስለኛል።

ልጄ ስትወጣ ወዲያው አላለቀሰችም። አረንጓዴ ዝልግልግ ነገርና እንደ አይብ ያለ ነጭ ነገር ለብሳ ነበር። ወደ ጎን ወስደው በቱቦ ከአፏ ሲመጥጡ ድምፁን ሰማሁ። ቆይታ አለቀሰች። እናት ልጇን ስታይ ደስታ ያስለቅሳታል ይባላል። እኔ ሳያት መጀመሪያ ያሰብኩት «እባካችሁ እጠቧት» የሚለውን ነው። ቀጥሎ የእንግዴ ልጁ ተንሸራቶ ሳህን ላይ ወደቀ። ጉበት እወድ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ አልበላሁም።

ወደ አራሶች ክፍል ከወሰዱን በኋላ ሲስተሯ መጥታ አጠገቤ ቆመች።

«ሆድሽ ውስጥ እያለች የሽርት ውሃው ውስጥ ተጸዳድታ ያንኑ ስባዋለች። መጥጠን አውጥተንላታል፤ ደረቷ ግን ገና ያሰጋል። ከጡትሽ በቀር ምንም ነገር አፏ እንዳይገባ። ውሃም፣ ስኳርም፣ ቅቤም። ትን ካላት ከእጃችን ታመልጣለች።»

ኣዬ አማርኛ ብዙም አይሰሙም። «ምን አለች?» ብለው ጠየቁኝ። ሁሉንም ነገርኳቸው።

«እሷ መች ወልዳ ታውቃለች?» አሉ፣ ሲስተሯ ከበሩ ሳትርቅ። «ጣቷ ላይ ቀለበት እንኳ የለም።»

ከጎኔ የተኛችው የሶዶ ልጅ ናት፤ ወንድ ወልዳለች። እናቷ ገንፎ እያጎረሷት ነበር። ኣዬ ልጄን አቅፈው «የልጄን አፍንጫ ይዛ መጣች» ሲሉ ሴትየዋ ቀና ብለው አዩና «ለእሱ ይመልሱለት፤ ለሴት ልጅ በዝቷል» አሉ። ሳቁ። ኣዬም ሳቁ። እኔ ግን የገንፎው ሽታ፣ የደሜ ሽታና የቅቤው ሽታ አንድ ላይ ሆነውብኝ አፌን በነጠላ ይዤ ነበር።

ኣዬ ልጅቷን እግሬ ሥር አስተኝተው ኮባውን ፈቱ። መጀመሪያ አንድ እፍኝ አናቴ ላይ ጫኑልኝ። ከላቤ ጋር እየቀለጠ በጆሮዬ ኋላ ወረደ። ቀጥለው በዚያው እጃቸው በቁራጭ ጨርቅ ባቴ ላይ የወረደውን ደም ጠረጉልኝ። ከዚያ ጡቴን ጨመቅ አደረጉት። ቢጫና ወፍራም ነገር ወጣ።

«መግል ነው» አሉ። «ይሄ ይፍሰስ፤ እስኪነጣ ቅቤ ትቅመስ።»

እውነት ለመናገር እኔንም አቅለሸለሸኝ። ጆሮውን ከታመመ ሰው የሚወርድ ፈሳሽ ይመስላል። ግን የኣዬን ጣት አየሁት። በጥፍራቸው ሥር ቅቤና ደም ነበር። ያንኑ ጣት ቅቤው ውስጥ ነክረው በሌላው እጃቸው ልጅቷን አነሱ። ደረቷ ከፍ ዝቅ ሲል ውስጡ ይንጫጫል። አፏን ከፍታ ትፈልጋለች።

እዚያ ቤት ከገባሁ ጀምሮ ለኣዬ «እምቢ» ብዬ አላውቅም። «እሺ» የምለው እንኳ ብዙ ጊዜ በአንገቴ ነው። አሁን ልናገር አፌን ስከፍት ከቃሉ በፊት ትውከት ቀደመኝ። ቅቤው ላይ ወረደ።

ተገላገልን አልኩ በልቤ። ኣዬ አልተቆጡም። በኮባው ጫፍ ላይ ላዩን ጠረጉና አልጋው ሥር ያለው ሳህን ውስጥ ጣሉት።

«አይዞሽ፤ የታችኛው ንጹህ ነው» አሉና ጣታቸውን እንደገና ወደ ውስጥ ሰደዱ።

እጃቸውን ያዝኩት። ያንሸራትታል፤ በሁለት እጄ ያዝኩት።

«ምን ሆንሽ?»

«አይሆንም፣ ኣዬ።»

«ያቺን ሲስተር ፈርተሽ ነው? ሄዳለች እኮ።»

«እሷን አይደለም።»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

«ጣትዎ ያስጠላኛል።»

ከጎናችን የገንፎው ማንኪያ አየር ላይ ቆመ። ኣዬ ጣታቸውን አገላብጠው አዩት።

«ባልሽ በዚህ ጣት ነው ያደገው» አሉ።

«አውቃለሁ።»

«እሱስ ያስጠላሻል?»

ልጅቷን ከእጃቸው ወስጄ ጡቴ ላይ ለጠፍኳት። ቢጫው ነገር ከንፈሯ ላይ ተዝረከረከ። ስትስብ ማህፀኔን የጨመደደኝ ያህል አመመኝ፣ ከሥሬም ትኩስ ደም ፈሰሰ። የሚባለው ዓይነት ጣፋጭ ነገር አልነበረም። ዓይኔን ከደረቷ አልነቀልኩም። ዋጠች። አላሳላትም። እንደገና ዋጠች። እንደዚያ እያደረገች እንቅልፍ ወሰዳት።

ቀና ስል ኣዬ የሉም። ቅቤውም የለም። የሶዶዋ ልጅ ለእናቷ «ምራት አማቷን አባረረች» አለች፤ ድምጿን ዝቅ እንኳ አላደረገችም። እኔም መናኸሪያ ሄደው ሁምቦ የሚገባ መኪና ይዘው ይሆናል ብዬ ፈራሁ። ለባሌ ምን እላለሁ? ማን ይዞኝ ይሄዳል?

ብዙ ቆይተው መጡ። ሽታቸው ቀድሟቸው ገባ፤ የቅቤ ሳይሆን የበረኪና። ፅዳት ሠራተኛዋን ለምነው አስቀድተው ኖሯል። እጃቸው እስከ ክርናቸው ቀልቷል፣ ውሃው እየተንጠባጠበ ነው፤ ኮባው አብሯቸው የለም። አልጋዬ አጠገብ ቆሙ፤ ያንን ጣት አፍንጫዬ ሥር ዘረጉት።

«አሽትቺ» አሉኝ። «ይሄ ካላስጠላሽ ልጅቷን ስጪኝ።»