ባለቤቴ ጆንያ ይዛ የምትሄድበት

ባለቤቴ ስታርፍ ሁለት ላሞችና አንዲት ጥጃ ትታልኝ ሄደች። ጌጃ ሰፈር ካለው ቤታችን ጀርባ፣ በቆርቆሮ በተከለለች ጠባብ በረት ውስጥ ዕድሜ ልኳን ላም ያረባችው እሷ ናት። እኔ የመሥሪያ ቤት ሰው ነበርኩ። ጠዋት ወጥቼ ማታ እገባለሁ። ጡረታ ከወጣሁ በኋላም ራዲዮኔን ይዤ በረንዳ ላይ እቀመጥ ነበር እንጂ ወደ በረቱ ብቅ ብዬ አላውቅም። ወተቱን ግን እጠጣ ነበር።

ሐዘንተኛው ሲበተን፣ ሐዋሳ የምትኖረው ልጃችን "አባዬ፣ ሽጣቸውና እኛ ጋ ና" አለችኝ። እምቢ አልኩ። ላሞቹን ወድጄ አይደለም። ጠዋት የምነሳበት ምክንያት ከጠፋ ምን እንደምሆን ፈርቼ ነው።

ማለብ ጣቶቼ እያበጡ ተማርኩ። ማብላቱ ቀላል መስሎኝ ነበር። ፉርሽካና ፋጉሎ ከመኖ ሻጭ በኩንታል አስመጣለሁ፣ ጭድ አስጭናለሁ፣ በቃ። ሦስት ወር ሳይሞላ የወተቱ ገንዘብ መኖውን መሸፈን አቃተው። ከጡረታዬ እየጨመርኩ ላሞቹን መቀለብ ያዝኩ። እሷ እንዴት ትችለው ነበር? ይህን የምጠይቀው ሰው ቤት ውስጥ አልነበረም።

በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ነጠላዋን ለብሳ፣ ጆንያ አጣጥፋ በብብቷ ይዛ ትወጣ ነበር። ቤተ ክርስቲያን ልትሳለም የምትሄድ ይመስለኝ ነበር። ጆንያው ለምን እንደሆነ ግን አንድም ቀን ጠይቄያት አላውቅም።

አንድ እሑድ ከልደታ ማርያም ስወጣ ከአጥሩ ሥር ጎመንና ሽንኩርት የምትሸጥ ሴት ጠራችኝ።

"ጋሼ፣ የእትዬ ባለቤት አይደሉም እንዴ? የላሞቹ?"

"ነኝ።"

"ታዲያ ቅጠሉን ማን ይውሰደው? እሳቸው ከሞቱ ወዲህ እየጣልኩት እኮ ነው!"

ከኋላዋ የጥቅል ጎመን የላይ የላዩ ቅጠልና የካሮት ጫፍ ተቆልሏል። እሷ እንዳጫወተችኝ ባለቤቴ ከእሷ ጎመኑን፣ ወረድ ብላ ከጠላ ሻጯ አተላ፣ ከባልትና ቤቱ ደግሞ የምስር ገለባ ትሰበስብ ነበር። በለውጡ ለእያንዳንዳቸው ወተት ታመጣላቸዋለች። ከመኖ ሻጭ የምትገዛው ትንሽ ብቻ ነበር።

ደስ አለኝ። ጆንያ ተበድሬ ሞላሁና ቤት እንደደረስኩ ሁሉንም በረቱ ውስጥ ዘረገፍኩት። ትልቋ ላም ተሻምታ በላች። ብዙም ሳይቆይ የግራ ጎኗ እንደ ከበሮ ተወጠረ፤ ምላሷን አውጥታ ታቃስት ጀመር። ለእንስሳት ሐኪም ደወልኩ፤ "መንገድ ላይ ነኝ" አለኝ። ጭንቅላቷን አቅፌ ቆምኩ። የሚያግዘኝ ጎረቤት ልጣራ ብል፣ የማንን ስም እንደምጠራ አላወቅኩም። ሠላሳ ዓመት በኖርኩበት ሰፈር።

ሐኪሙ ደርሶ ቱቦ በጉሮሮዋ አስገባና አየሩን አስወጣላት፤ ዘይትም አጠጣት። "እርጥብ ጎመን በባዶ ሆዷ፣ ያን ያህል?" ብሎ ተቆጣኝ። ከሄደ በኋላ እዚያው በረቱ ውስጥ ተቀመጥኩ።

በማግስቱ ለጎመን ሻጯ ነገርኳት። ደረቷን ደቃች።

"ውይ በሞትኩት! ሳያሰጡት ነው የሰጡት? እትዬ እኮ ፀሐይ ላይ አጠውልገው፣ ከትፈው፣ ከጭድ ጋር ነበር የሚደባልቁት። መጀመሪያ ጭዱን ያስቀምሷታል። ፋጉሎ ደግሞ ለምትታለበዋ ብቻ ነው፤ የደረቀችዋ በአተላ ትከርማለች ይሉ ነበር።"

"አንቺ ይህን ሁሉ እንዴት አወቅሽ?"

"እየነገሩኝ ነዋ! ምን የማይነግሩኝ ነበር? እዚህ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለው ስንሳሳቅ ይመሻል። 'ቤት ውስጥ ከላሞቹ ሌላ የማዋራው የለኝም' ይሉ..."

ንግግሯን ሳትጨርስ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። "ለጨዋታ ነው እኮ ጋሼ" አለች።

"ልክ ናት" አልኳት። ባለቤቴ ስትስቅ ለመጨረሻ ጊዜ የሰማሁት መቼ እንደሆነ ለማስታወስ ሞከርኩ፤ አልመጣልኝም።

ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ከሰዓት በኋላ እወጣለሁ። ጎመኑን ግቢው ውስጥ በማዳበሪያ ከረጢት ላይ አሰጣለሁ፣ እከትፋለሁ፣ ከጭድ አደባልቃለሁ። አተላውን በባልዲ፣ ገለባውን በጆንያ አመጣለሁ፤ በለውጡ እንደ እሷ ወተት አደርስላቸዋለሁ። አሁን ከመኖ ሻጭ የምገዛው ከበፊቱ ግማሹ ቢሆን ነው፤ ላሞቹ ራሳቸውን ችለዋል፣ ጥጃዋም ጠንክራለች። ልጄ ስትደውል "ጎበዝ አባዬ" ትለኛለች። ያስተማረችኝ እናቷ መሆኗን ልነግራት አስብና ሳልነግራት ስልኩን እዘጋለሁ።

ሴቶቹ ያከብሩኛል። ገና ከሩቅ ሲያዩኝ ጨዋታቸውን ያቆማሉ፤ ጠላ ሻጯ ወንበር ታወጣልኛለች። ሁለት ቃል ተነጋግረን ዝም እንባባላለን። ጨዋታ መጀመር አልችልበትም፤ ድሮም አልችልበትም ነበር።

በቀደም ለት ጎመን ሻጯን ጠየቅኳት። "ከእሷ ጋር ስለ ምን ነበር የምታወሩት?"

"ስለ ምንም፣ ጋሼ። ስለ ሰው፣ ስለ ኑሮ፣ እንዲሁ ተራ ወሬ።"

ደንበኛ መጣባትና ሽንኩርት መመዘን ጀመረች። ትቀጥል እንደሆነ ብዬ ድንጋዩ ላይ ተቀምጬ ጠበቅኩ። ሌላ ደንበኛ መጣ። ወተቷን አስቀመጥኩላትና ጆንያውን ተሸክሜ ተነሳሁ።