ላንቴ ያረፈችው ጄት

ሲቀላ በሚባለው ሰፈር የመኪና ቀለም እቀባለሁ። ኮፈን፣ በር፣ ፓራፋንጎ፣ አንዳንዴም የተገለበጠ ባጃጅ ሙሉውን። አንድ ቀን ጠዋት የሰፈራችን ጡረተኛ የጫማ ካርቶን ታቅፈው መጡ። ትውውቃችን ከሰላምታ አያልፍም ነበር። ሰሜን ተወልደው በሚስታቸው አገር የቀሩ፣ በወጣትነታቸው ወታደር የነበሩ ሰው መሆናቸውን ብቻ አውቃለሁ። ጋሼ ነው የምላቸው።

ካርቶኑን ከፈቱት። ውስጡ ክንድ የማትሞላ የፕላስቲክ ጄት ነበረች። የልጃቸው ባል ከዱባይ በቁርጥራጭ አምጥቶላቸው፣ ገጣጥመው እስኪጨርሷት ስድስት ወር ፈጅታባቸዋለች።

«ቀለም እንድትቀቢልኝ ነው» አሉ።

«ምን ዓይነት ቀለም?»

«ቀለም የላትም።»

ጄቷን አንስቼ አገላበጥኳት።

«እውነተኛዋን ማለቴ ነው። እኔ የማውቃት ጄት ቀለም አልነበራትም፤ ባዶ ብረት ናት። ባዶ ብረት አስመስለሽ ቀቢልኝ።»

ሰዎች ቀለም ሲመርጡ ብዙ ጉድ ሰምቻለሁ። «የበሰለ ማንጎ፣ ግን ያልበዛበት» ያለኝ ባለ ባጃጅ አለ። የቀለም ቤት ውስጥ ቀለም የሌለው ነገር የጠየቀኝ ግን አልነበረም። ለቸርኬ የምጠቀምበት ብርማ ቀለም ስለነበረኝ «ቀላል ነው፤ ለምሳ ሰዓት ይምጡ» አልኳቸው።

ለምሳ ሰዓት መጡ፤ መነጽራቸውን አድርገው አዩአት።

«የግቢ በር ትመስላለች» አሉ።

እውነታቸውን ነው። የቸርኬ ቀለም ቅንጣቱ ትልልቅ ነው። መኪና ላይ ያምራል፤ በዚህች ጄት ልክ ግን አንዱ ቅንጣት የአብራሪውን ጭንቅላት ያክላል። በቲነር ልጠርገው ስሞክር ደግሞ የጅራቷ ጫፍ እንደ ማስቲካ ለሰለሰ። ጋሼ የለሰለሰውን ጫፍ በጣታቸው ነካ አድርገው አዩ። ወንበር ስበው ተቀመጡ፤ ከዚያ ወዲያ በየቀኑ እዚያው ወንበር ላይ ነበሩ።

እንደ አዲስ ጀመርኩ። ባዶ ብረት የሚመስል ነገር ምንም አይደብቅም፤ ሌላ ቀለም የሚሸፍነውን ጭረት ሁሉ ያወጣዋል። በስቱኮ ሞላሁ፣ ደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ውኃ ውስጥ እየነከርኩ ፈተግሁ፣ ጥቁር አንጸባራቂ ቀብቼ ፊቴ እስኪታየኝ ወለወልኩ። ብርማውን ቀለም ቆርቆሮው ውስጥ አሳድሬ ደለሉ ሲዘቅጥ ከላይ የቀረውን ቀጭኑን ብቻ ቀዳሁ። እሱን እንደ ትንፋሽ ስስ አድርጌ፣ እየደጋገምኩ ነፋሁ። ነፋስ ከዓባያ ሐይቅ በኩል ሲነሳ አቧራ ይለጠፍባታል፤ ነፋሱ ሲቆም ትንኝ። አንዷ ትንኝ እስከ ዛሬ ግራ ክንፏ ውስጥ አለች።

ጥሩ ሆና ወጣች ብዬ ሳሳያቸው ጋሼ ከኪሳቸው የታጠፈ ወረቀት አወጡ። ጄቷን በእርሳስ፣ ከትዝታ ስለዋታል። እያንዳንዱ የብረት ሉህ ለብቻው ተከልሏል።

«ብረት አንድ ዓይነት አይደለም» አሉ። «ይህቺ ታበራለች፤ እኔ ነኝ የቀየርኳት፣ አዲስ ነበረች። ይህቺ ወደ ሰማያዊ ታደላለች። እዚህ ጋ ነዳጅ ይንጠባጠባል፤ ጠየም በይ።»

ለካ የጄት ባትላሜራ፣ የአካሏ ብረት ሠራተኛ ነበሩ። እንዲህ ያለ ሥራ መኖሩን ያን ቀን ነው ያወቅኩት። ሉሆቹን አንድ በአንድ በወረቀት ፕላስተር እየከለልኩ፣ ለአንዱ ጠብታ ጥቁር፣ ለሌላው ጠብታ ሰማያዊ ጨመርኩ። በጣም በሚያበሩት ሁለት ሉሆች ላይ የሲጋራ ፓኮ ውስጥ ያለውን ብርማ ወረቀት ለጠፍኩ። እሳት የሚወጣበትን ጅራት ቀለም ደጃፌ ከቆመ ሞተር ሳይክል ጭስ መውጫ፣ ከማርሚታው ቀዳሁት፤ መጀመሪያ ቢጫ፣ ከዚያ ወይን ጠጅ፣ ከዚያ ሰማያዊ። ባለ ሞተሩ ማርሚታውን ተንበርክኬ ሳይ ቆይቶ «ተበላሽቷል እንዴ?» አለኝ። «ቆንጆ ነው» አልኩት። ተጠራጥሮኝ ሄደ።

በመጨረሻ የቀረችው ከቀኝ ክንፍ ሥር ያለች፣ የጥፍሬን ያህል ሉህ ናት።

«ይህቺን አደብዝዣት» አሉ ጋሼ። «ጠርዟም ትንሽ ይነሳ።»

«ሥራዬን ያበላሽብኛል፣ ጋሼ።»

«ያበላሻል። የኔንም አበላሽቷል።»

ቀለም መንፊያውን አስቀመጥኩ። እሳቸው የሌላ ሰው ታሪክ የሚያወሩ ይመስል ወለሉን እያዩ ነገሩኝ።

«ያቺን ሉህ የመታኋት እኔ ነበርኩ። ምሳ ሰዓት ደርሶ ቸኩያለሁ። ሉሂቱን የሚይዘው ሚስማር፣ ሪቬቱ፣ ጠማማ ገባ፤ አየሁት፣ ትቼው ሄድኩ። ማግስቱን ጄቷ አየር ላይ ሳለች ሉሂቱ ተገነጠለች። አብራሪው በደህና አረፈ። የታሰረው ግን ጓደኛዬ ነው፣ ሦስት ሳምንት። ሊያገኝ የነበረው ማዕረግም ቀረበት። ማን እንደሠራት ሲጠየቅ እኔ ዝም አልኩ።»

«አሁን የት ናቸው?»

«ላንቴ። አገሩ ነው፤ ሙዝ ያለማል።»

ላንቴ እኮ ቅርብ ነው፤ ከእኛ ባጃጅ ይዞ የሚመለስ ሰው ሻይ አይቀዘቅዝበትም።

«ታዲያ ሄደው አይነግሯቸውም?»

«ሦስት ጊዜ ሄጃለሁ። ሦስቱንም ጊዜ ሙዝ በልቼ ተመለስኩ።»

ቀለም መንፊያዬን መልሼ አነሳሁ። «ምን ያህል ትደብዝዝ?» አልኳቸው።

ያቺ ጥፍር የምታህል ሉህ ከጅራቱም ከክንፉም በላይ አስቸገረችኝ። መጥፎ ሥራ ስደብቅ ስለኖርኩ፣ መጥፎ ሥራ አስቤ ልሠራ ስል እጄ እምቢ አለኝ። ሁለት ጊዜ አምራ ወጣች። ስፈትጋት፣ ዝገቱን ሳልጠርግ የቀባሁት የአንድ መምህር መኪና በር ትዝ አለኝ። ጥድፊያ ነበር። መምህሩ «እጅሽ ይባረክ» ብለውኝ ነው የሄዱት። በሦስተኛው ሉሂቱ ደብዛዛ ሆነች።

ቅዳሜ ጠዋት ጋሼ ኮት ለብሰው መጡና «አብረሽኝ ነይ፤ ሰው ካለ ሙዝ በልቼ አልመለስም» አሉኝ። አሻራ እንዳይነካት ሁለት እጃቸው ላይ ነጭ ካልሲ አጥልቀው ጄቷን ጭናቸው ላይ ያዟት። መንገድ ላይ ትራፊክ ፖሊስ ባጃጃችንን አስቆመ። ካልሲውን አየ፤ ጄቷን አየ።

«ምንድን ነው?»

«አውሮፕላን» አሉ ጋሼ።

«እለፉ» አለ።

ላንቴ ስንደርስ የጓደኛቸው ባለቤት በር ላይ ተቀበሉን። «ና ልጄ፣ ግባ!» አሉኝ። በእሳቸው አማርኛ ሁላችንም ወንዶች ነን፤ ገባሁ። ባልየው ከማሳ ተጠርተው መጡ። ረዥም፣ ከሲታ ሽማግሌ ናቸው። ጄቷን በካልሲ የያዟትን ጓደኛቸውን አዩና ሳይስቁ እጃቸውን ሊታጠቡ ተመለሱ። ከዚያ ተቀብለው መስኮት አጠገብ ቆሙ፤ ወደ ብርሃኑ እያዘነበሉ ከአፍንጫዋ እስከ ጅራቷ ቀስ ብለው አዩአት። ከቀኝ ክንፉ ሥር ሲደርሱ ቆም አሉ።

ጋሼ ቆመው ነበር። «ያቺን የመታኋት እኔ ነኝ» አሉ።

«አውቃለሁ» አሉ የላንቴው።

«ምን?»

«ያኔውኑ አውቄያለሁ። የተረፈውን ሪቬት አይቼው ነበር። እንዳንተ ጠማማ የሚመታ እዚያ ማን ነበር?»

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ?»

«ተመርምሯል ብሎ የፈረመው ማን ነው? እኔ። ሳላይ ነው የፈረምኩት፤ እኔም ለምሳ ቸኩዬ ነበር። የታሰርኩት በራሴ ፊርማ ነው።»

ጋሼ ተቀመጡ። ፊታቸው ይቅርታ የተደረገለት ሰው ፊት አልነበረም፤ የተከፋ ፊት ነበር።

«እኔ እኮ አርባ ዓመት ሙሉ...» ብለው አቆሙ።

«ብትጠይቀኝ እነግርህ ነበር» አሉ የላንቴው። «አንተ ደግሞ ስትመጣ ሙዝ ብቻ ነው የምትበላው።»

ባለቤትየው ሙዝ አቀረቡ። ማንም አልነካውም። ጋሼ በካልሲው ዓይናቸውን ጠረጉ፤ ካልሲውን ማውለቅ ረስተውት ነበር። የላንቴው አጠገባቸው ሄደው ተቀመጡና የጋሼን ትከሻ በትከሻቸው ገፋ አደረጉት። ሲነካኩ ያየኋቸው ያን ጊዜ ብቻ ነው። እኔ መሬት መሬት አየሁ።

ከዚያ የላንቴው ጄቷን እንደገና አነሱ። «ግን ግራ ነበረች።»

«ምኗ?»

«ሉሂቱ። በግራ ክንፍ ነበረች።»

«ቀኝ ናት! የመታኋት እኔ!»

«የታሰርኩባት እኔ!»

እስከ ምሳ ተጨቃጨቁ። ልሄድ ስል የላንቴው «ልጄ፣ የግራዋንም አደብዝዥልኝ» አሉኝ። ጋሼ እንዳላደርገው በዓይናቸው ከለከሉኝ። በሳምንቱ ቀለሜን ይዤ ሄጄ አደበዘዝኳት፤ ጋሼ ጄቷን እዚያው ለላንቴው ትተዋት ነበር። ዛሬ ጄቷ ሁለት የተበላሹ ሉሆች ይዛ ቴሌቪዥናቸው ላይ ቆማለች።

ጋሼ አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ላንቴ ናቸው። ባለፈው እኔንም አስጠሩኝ። ባለቤትየው ጄቷን ከቴሌቪዥኑ ጋር በእርጥብ ጨርቅ ስለሚወለውሏት ክንፏ ላይ ብርማው ቀለም ተነስቶ ከሥሩ ያለው ጥቁር ታይቷል። ላድሳት መሣሪያዬን ዘረጋሁ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ጎን ለጎን ጎንበስ ብለው አዩአት።

«ብረት ሲያልቅ ጥቁር አይወጣውም» አሉ ጋሼ።

«አይወጣውም» አሉ የላንቴው። በአንድ ነገር ሲስማሙ ለመጀመሪያ ጊዜ ያን ቀን ሰማሁ።

«ላስተካክላት?»

«ተያት» አሉ ጋሼ። «ሴትየዋ ነገም መወልወላቸው አይቀርም።»

መሣሪያዬን ሰብስቤ፣ የሰጡኝን ሙዝ ይዤ በመጀመሪያው ባጃጅ ተመለስኩ። ሱቄ ደጃፍ ላይ በሩ የተጨረመተ አይሱዙ ይጠብቀኝ ነበር።